64 ወይስ 32? ፈርን መለየት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት

ሰላም እንዴት ናችሁ። ትላንት ማታ አምስት ሰዓት ላይ ሳሎን ቁጭ ብዬ "ስልሳ አራት!" ብዬ ስጮህ እህቴ ከመኝታ ቤት ሮጣ ወጣች፣ ሎተሪ የደረሰኝ መስሏት። እኔ ግን ፈርን የሚባለው አበባ የሌለው ቅጠላም ተክል የሚራባበትን ብናኝ ነበር የምቆጥረው። ማይክሮስኮፑን ስታይ ምንም ሳትል ተመልሳ ተኛች። የሚገባው ሰው ስላጣሁ ለእናንተ ልጻፍ ብዬ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ሒሳብ ነው፣ ባዮሎጂ ለመጨረሻ ጊዜ የተማርኩት አሥረኛ ክፍል ነው፣ ያውም እያንቀላፋሁ። ከጓደኞቼ ጋር መናገሻ ሱባ ሄደን እነሱ ጉሬዛ ፎቶ ለማንሳት ሲሯሯጡ እኔ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል የወደቀ ግንድ ላይ አረፍ አልኩ፣ ግንዱ ላይ ደግሞ ጠባብ፣ ረዘም ያለ፣ ምንም ያልተከፋፈለ ቅጠል ተደርድሮ በቅሏል። ዝም ብዬ አንዱን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ከመሀል ጅማቱ ግራና ቀኝ ብርቱካናማ ክብ ክብ ነገር፣ ልክ በሰልፍ እንደቆመ። በሽታ ነው ብዬ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ። ስሙ ፕሊዮፔልቲስ ማክሮካርፓ እንደሆነና ነጠብጣቡም በሽታ ሳይሆን ሶረስ እንደሚባል፣ ማለትም የስፖር ከረጢቶች ክምር እንደሆነ ያወቅኩት ከወር በኋላ ነው። ፈርን አበባም ዘርም የለውም፣ የሚራባው ከረጢቶቹ ውስጥ ባለው ስፖር በሚባል ብናኝ ነው። (እናቴ እስካሁን "ልጄ ስፖርት ጀመረ" ነው የምትለው፣ ማረም ትቻለሁ።)

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ሁላችሁም ያለፋችሁበት ነው። ቅጠል መገልበጥ መልመድ ብቻ ነው። ሶረሱን የሚሸፍነው ስስ ክዳን፣ ኢንዱዚየም የሚሉት፣ ጃንጥላ ከመሰለ ፖሊስቲከም፣ ኩላሊት ከመሰለ ድራዮፕተሪስ፣ ጅማቱን ተከትሎ እንደ ሰረዝ ከተጋደመ አስፕሌኒየም፣ የቅጠሉ ጠርዝ ራሱ ታጥፎ ከሸፈነው ደግሞ እንደ አዲያንተም ያሉት። እዚህ ድረስ አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ሉፕ፣ ማለትም ትንሽ የእጅ ማጉያ መስታወት፣ ያስፈልጋል፣ እኔ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ከአንድ ወርቅ ሠሪ ነው የገዛሁት፣ ወርቅ ሠሪዎቹ የሚጠቀሙበት ያው ራሱ ነውና "የሳይንስ" ተብሎ ሦስት እጥፍ ዋጋ የሚጠየቅበትን እርሱት።

ተክል በፎቶ የሚለይ አፕ ላይ ያለኝን አቋም ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። እሺ አንዴ ብቻ፦ ከላይ የተነሳ የፈርን ፎቶ ማለት ጀርባው ብቻ የታየ ሰው ፎቶ ማለት ነው። አፑ በሙሉ ልብ ስም ይሰጣችኋል፣ እናንተም በሙሉ ልብ ትሳሳታላችሁ። ፎቶ አንሱ ግን የቅጠሉን ጀርባ፣ የግንዱን ሥር፣ የበቀለበትን ቦታ አንሱ፣ ከፍታውን ጻፉ፣ ዛፍ ላይ ከሆነ ጥድ ይሁን ወይራ ጻፉ።

ማድረቅ። ጋዜጣ በጋዜጣ ነው፣ አዲስ ዘመን ወረቀቱ ውኃ ይመጥጣል፣ የሚያብረቀርቅ መጽሔት እንዳትሞክሩ። በበጋ ካርቶንና ጠፍር ይበቃል። ክረምት ላይ ግን በየቀኑ ጋዜጣ ካልቀየራችሁ በአራተኛው ቀን ሻጋታ ታገኛላችሁ፣ እኔ አምና ሐምሌ ላይ አሥራ አንድ ናሙና በአንድ ሳምንት ጣልኩ። ከዛ እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ምጣዱ ለብ ሲል የጋዜጣውንና የካርቶኑን እስር ላዩ ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ፣ ግሩም ነው፣ አንዴ ግን ቸኩዬ ምጣዱ ሳይበርድ አስቀምጬ አንድ የሚያምር ድራዮፕተሪስ ከነጋዜጣው ቡናማ ጥብስ ሆኖ ወጣ። ቤቱ ለሁለት ቀን ሸተተ። ያን ቀን የእህቴ ትዕግሥት አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዴ ልግባ። አስፕሌኒየም ኤቲዮፒከም።

መጀመሪያ ስሙን ሳይ ኩራት ተሰማኝ፣ የኛ ነው ብዬ። እውነቱ ግን ስሙ የወጣለት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ አፍሪካ ኬፕ በተገኘ ተክል ነው፣ ያኔ "ኢትዮጵያ" ሲሉ አፍሪካን በጅምላ ማለታቸው ነበር። ሰርግ ላይ የምናያት ነጭ ካላ ሊሊም በሳይንስ ስሟ "ኤቲዮፒካ" ናት ግን ደቡብ አፍሪካዊት ናት። ቢሆንም ፈርኑ እኛም ጋ በደንብ አለ፣ ያውም በየቦታው፣ ችግሩም እሱ ነው። እኔ ሦስት ቦታ አገኘሁት፦ መናገሻ ወይራ ቅርንጫፍ ላይ፣ እንጦጦ ድንጋይ ሥር፣ ሦስተኛውን ደግሞ ለሥራ ጅማ ተልኬ አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ወደ ቦንጋ ስወጣ በአረንጓዴ የዛፍ ሽበት የተሸፈነ ግንድ ላይ። የመናገሻው ቅጠሉ ሰፋ ያለና በጥልቀት የተቆራረጠ፣ የእንጦጦው አጭር፣ ጠባብ፣ ጠንካራ፣ የቦንጋው ደግሞ ዘርፈፍ ብሎ የክንድ ያህል የሚንጠለጠል። ሦስት የተለያዩ ዝርያ ናቸው ብዬ ማልኩ። የአገሩን ዕፅዋት የሚዘረዝረው መጽሐፍ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ፣ የመጀመሪያው ቅጽ ላይ ሄድኩ (ቁጥሩ አንድ ነው ግን በፈረንጆቹ 1980 ከተጀመረው ፕሮጀክት በመጨረሻ ከታተሙት አንዱ ነው፣ በፈረንጆቹ 2009፣ ፈርኖች ያሉትም እዛ ውስጥ ነው)፣ መለያ ኪዩን፣ ማለትም በጥያቄ እየመራ ወደ ስም የሚያደርሰውን ዝርዝር፣ ተከትዬ ደረጃ በደረጃ ወረድኩ፣ ሦስቱም እዛው አንድ ስም ላይ ወደቁ።

አላመንኩም። ደግሜ ሞከርኩ። ኪዩ የራይዞሙን፣ ማለትም የአግዳሚ ግንዱን ቅርፊት ቀለምና ቅርጽ ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ራይዞም የለኝም፣ ለምን? ተክሉን ላለመጉዳት ብዬ ቅጠል ብቻ ቆርጬ ነበራ። እዚህ ጋ ኑዛዜ አለኝ፦ ደግ ሰው ለመሆን ብዬ የቆረጥኳቸው አርባ ምናምን ቅጠሎች ግማሾቹ ዛሬ ለምንም አይሆኑም። በሌላ በኩል ግን መጀመሪያ ሰሞን አንድ ግድግዳ ላይ ብቻዋን የበቀለች አሊውሪቶፕተሪስ ፋሪኖሳ፣ ያቺ በበጋ ስትጠቀለል ከሥሯ ዱቄት የተነፋባት የምትመስለዋን፣ ከነሥሯ ነቅዬ ወሰድኩ፣ ዛሬም በዛ ግድግዳ ሳልፍ ባዶ ቦታዋ ይታየኛል። ስለዚህ ምክሬ ምንድነው? ብዙ ካለ ትንሽ የራይዞም ቁራጭ ከቅጠሉ ጋር ውሰዱ፣ አንድ ብቻ ካለች ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፣ ጥብቅ ደን ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ሳትይዙ ቢላ አታውጡ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ይሄን አድርጌያለሁ ወይ? አላደረግኩም።

ከዛ አንድ ዕፅዋት የተማረ ወዳጄ ነው የገላገለኝ፣ ወይም የባሰ ውስጥ የከተተኝ። ኤቲዮፒከም ዝም ብሎ አንድ ዝርያ አይደለም፣ የዘመዳሞች ጉባኤ ነው አለኝ። የአስፕሌኒየም አንድ የክሮሞሶም ስብስብ 36 ነው፣ በዚህ ቡድን ውስጥ ግን አራት እጥፍ፣ ስምንት እጥፍ፣ አሥራ ሁለት እጥፍ የሆኑ አሉ፣ ማለትም 144፣ 288፣ 432። ሰው 46 ይዞ ነው እንደዚህ የሚኮፈሰው። በዓይን ሲታዩ ግን እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፣ ጥላ ውስጥ ያደገው ይሰፋል፣ ድንጋይ ላይ ያደገው ያጥራል፣ ቅጠል ብቻ አይቶ መፍረድ ከባድ ነው። ክሮሞሶም መቁጠር ደግሞ ሳሎን ውስጥ አይሆንም። ስፖር መቁጠርና መለካት ግን ይሆናል አለኝ። እኔ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቁጠር ካልከኝ ጨርሰሃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዷ ከረጢት ውስጥ 16 እናት ሴሎች አሉ፣ እያንዳንዷ አራት ስትሰጥ 64 ስፖር። ሳይዳቀሉ፣ ማለትም ወንዴና ሴቴ ሴል ሳይገናኝ፣ የሚራቡት ግን ብዙ ጊዜ 8 እናት ሴል ብቻ ስላላቸው 32 ነው የሚሰጡት፣ መጠናቸውም ተለቅ ይላል። በደንቡ ሲዳቀሉ የሚኖሩት ውስጥም ክሮሞሶሙ ሲበዛ ስፖሩ ተለቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ከረጢት ያለውን ሁሉ ሳትጥሉ መቁጠር ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ያገለገለ የተማሪ ማይክሮስኮፕ ገዛሁ። በኢንሱሊን መርፌ ጫፍ አንዲት ያልፈነዳች፣ ጠቆር ብላ የምታብለጨልጭ ከረጢት ከሶረሱ ለቅሜ መስታወቱ ላይ አደርጋለሁ፣ እንዳይደርቅብኝ ብዬ የእህቴን ግሊሰሪን አንድ ጠብታ እጨምራለሁ፣ ዓይኔን ሳስጠጋ ስፖሩ መስታወቱን ሞልቶ ተበትኗል። ሌላ። ተበተነ። ሌላ። ሠላሳ ጊዜ ያህል እንደዚህ። መርፌዬ ነው የሚያፈነዳት፣ እጄ ይንቀጠቀጣል ምናምን ብዬ ቡና ሁሉ አቆምኩ። ጥፋቱ የእጄም የቡናውም አልነበረም፣ የግሊሰሪኑ ነበር! ከከረጢቷ ጀርባ አባ ጨጓሬ የመሰለ ወፈር ያለ የሴሎች ሰንሰለት አለ፣ ውኃ ሲያጣ ሴሎቹ እየተኮማተሩ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ የመጨረሻዋ የውኃ ጉልበት ስትበጠስ ደግሞ ቷ ብሎ ወደ ቦታው ይመለስና ስፖሩን እንደ ወንጭፍ ይወረውረዋል። ጫካ ውስጥ ውኃውን የሚወስደው ደረቅ አየር ነው፣ እኔ ጋ ደግሞ ግሊሰሪን ውኃ መሳብ ስለሚወድ በሰከንዶች ውስጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ለሦስት ወር በገዛ እጄ ወንጭፍ ስስብ ነበር ማለት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄ ከገባኝ በኋላ ለአንድ ሳምንት መቁጠሩን ትቼ ሆን ብዬ ግሊሰሪን እያንጠባጠብኩ ሲወረወር ሳይ ነው ያመሸሁት። ቴሌቪዥን ምን ያደርጋል።

አሁን የማደርገው በንጹህ ውኃ ጠብታ ነው። ከረጢቷን ውኃው ውስጥ አስቀምጬ ስሱን መሸፈኛ መስታወት እጭንባትና በእርሳስ ላጲስ በኩል ቀስ ብዬ ተጭኜ አፈነዳታለሁ፣ እዛው ይቀራል፣ ከዛ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ፎቶው ላይ በቀይ ነጥብ እያደረግኩ እቆጥራለሁ። በዓይን ቀጥታ አትቁጠሩ፣ ሃያ ሲደርስ ከየት እንደጀመራችሁ ይጠፋችኋል። ለመለማመጃ አስፕሌኒየም ሞናንተስን ተጠቀምኩ፣ ይቺ ሳትዳቀል እንደምትራባ የታወቀች ናት፣ ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። 32 ሲመጣ አካሄዴ ትክክል ነው ማለት ነው። አንዴ 31 መጣ፣ አንዷን የመስታወቱ ጠርዝ ላይ አገኘኋት፣ ባንክ ሒሳብ ሲታረቅ እንኳን እንደዛ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የእንጦጦው 64። ትላንት ማታ የጮህኩበት የመናገሻው ነው፣ እሱም 64። ሁለቱም በደንቡ የሚዳቀሉ ናቸው ማለት ነው፣ ግን ሁለቱን ፎቶ በአንድ ማጉያ ጎን ለጎን ሳደርግ የመናገሻው ስፖር ከእንጦጦው ሩብ ያህል ይበልጣል። በማይክሮን ስንት ነው አትበሉኝ፣ መለኪያ ስላይድ የለኝም፣ የልጆች ማስመሪያ ከሥሩ አስገብቼ ሞክሬ የማስመሪያው መስመር ራሱ አስፋልት አክሎ ታየ። አሥር አሥር ስፖር ለክቼ አማካይ ወሰድኩ፣ አሥር ያንሳል፣ አውቃለሁ፣ ዓይኔ ደክሞ ነው።

መለያ ወረቀቱ ላይ ምን ጻፍኩ? "አስፕሌኒየም ኤቲዮፒከም፣ በሰፊው ትርጉም" ብዬ ከሥሩ የስፖሩን ቁጥርና ንጽጽር አስቀመጥኩ። አምና ቢሆን የግድ ሦስት ስም ካልሰጠሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አንዳንዶቻችሁ ስም በድፍረት እየጻፋችሁ ቁጥር የምታበዙት፣ እኔም እዛው ነበርኩና አልፈርድም፣ ግን ትንሽ እፈርዳለሁ። በተለይ ቀንና ቦታ የሌለው ናሙና የምትይዙ፣ እሱ ሰላጣ ነው።

ቦንጋ የዛፍ ፈርን አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ሂዱ ብቻ፣ ከሰው በላይ ቆሞ ጃንጥላ ይዘረጋል፣ የቅጠሉ አገዳ እሾህ አለው እንዳትጨብጡት፣ እኔ ጨብጬዋለሁ። ስለሱ ሌላ ጊዜ።

የቀረኝ የቦንጋው ኤቲዮፒከም ነው። ከረጢቶቹ ገና አረንጓዴ ሆነው ነው ያመጣሁት፣ ሳይበስል ነው የቆረጥኩት፣ ይሄም የኔው ጥፋት ነው። አንዱን ቅጠል ጫፉ ጠቆር ብሎ ስላየሁት በነጭ ወረቀት አጥፌ ከመብራቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ወረቀቱ ላይ የመጣው ቡናማ ዱቄት ሳይሆን ቢጫ የባዶ ከረጢት ብናኝ ነበር። ቅዳሜ ደግሜ አየዋለሁ፣ ካልሆነ እንግዲህ ለሚቀጥለው የጅማ ሥራ አለቃዬን መለመን ነው።