አዋቂ ሰው ጅራፍ ምን ያደርግለታል?

ይህን የምጽፈው ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ጎልምሶም እንደ ልጅ መደሰት ይቻላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ወረቀት ያስፈርማል።

ነገሩ የጀመረው መሥሪያ ቤታችን ባዘጋጀው ስልጠና ነው። አሰልጣኙ በየጠዋቱ የሚያስደስታችሁን ሦስት ነገር ጻፉ አለን። ጻፍኩ። ሳምንት ሳይሞላ ማስታወሻዬ የሩብ ዓመት ሪፖርት መሰለ። ቡና፣ ጤና፣ ደመወዝ። በነጋታውም ቡና፣ ጤና፣ ደመወዝ። ልጅ እያለሁ የደስታ ዕቅድ አውጥቼ አላውቅም። ደብተሩን ጣልኩና ያኔ የማደርገውን ማድረግ ጀመርኩ።

ቀላሉ ቀላል ነው። ባጃጅ ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ዝናብ ሲያባራ የማርያም መቀነት ከወጣች ቆሜ አየኋት። መብራት ሲጠፋ ሻማ መፈለጌን ትቼ ግቢ ወጥቼ አንጋጠጥኩ፤ ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ ነጣ ያለው የከዋክብት መንገድ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከእህቴ ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ ዘለልኩ። ጉልበት ያማል፣ ያልፋል።

ጉዱ የመጣው በጅራፍ ነው።

የቡሄን ጅራፍ የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም። ካህናቱ ጩኸቱ በደብረ ታቦር የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ፤ ችቦው ደግሞ የብርሃኑ። እኛ የሚያሳስበን የማን ጅራፍ በለጠ የሚለው ብቻ ነበር። ድምፁም ጅራፉ መሬት ሲመታ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ አይደለም። ጅራፍ ከመያዣው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ከእጅ የወጣው ጉልበት በቀጠነው በኩል ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጫፏ ላይ ሲደርስ ከድምፅም ይቀድማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል፤ የምንሰማው «ጧ» የሚለው ድምፅ የቃጫዋ ጫፍ ያንን ስታልፍ አየሩ የሚያሰማው ነው። ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ሰማዩን የሚያናጋው በዚሁ ምክንያት ነው። ከብት እየጠበቅን ስንሠራው የኖርነው ይህን መሆኑን ያወቅኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ቃጫ ገዝቼ ገመድኩ።

ጥር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ዳር ካለ ሜዳ ወጣሁ። መጀመሪያ እግሬን ገረፍኩ፣ ቀጥሎ ጆሮዬን። ከዚያ እጄ አስታወሰ። ከራስ በላይ አዙሮ በድንገት መመለስ ነው ዘዴው። ጧ! ከማዶ ገደል ማሚቶው መለሰልኝ። ብቻዬን ሳቅኩ። ደገምኩት።

ሁለት የጸጥታ ሰዎች እየሮጡ መጡ። ጥይት መስሏቸው ነው። ይህን እረዳለሁ፤ ዘንድሮ የተኩስ ድምፅ ማን ይወዳል? ጅራፉን አሳየኋቸው። አንደኛው ፈገግ አለ፤ አጩኾ ያደገ መሆኑ ያስታውቃል። እዚያ ማለቅ ነበረበት። «ቢሮ ድረስ ይምጡ» ተባልኩ።

ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ረፋዱ አለፈ። ሲመጡ ጅራፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አዩት።

«የማን ነው?»

«የኔ።»

«የልጅዎ ማለትዎ ነው?»

«የራሴ።»

«አዋቂ ሰው ጅራፍ ምን ያደርግለታል?»

«ደስ ይላል።»

ጸሐፊዋ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። «ደስ ይላል ተብሎ እንዴት ይጻፋል? ምክንያት ይጥቀሱ።»

ገና ቢሆን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብዬ እከራከር ነበር። ለጥር ተረት አላገኘሁም። በመጨረሻ «ለባህል ልምምድ» ተብሎ ተጻፈ። ቡሄ ሰባት ወር ይቀረዋል እኮ! ዳግመኛ ሳላስፈቅድ እንዳላጮህ አስፈረሙኝ። ኮፒ ስጡኝ ብል ማሽኑ ቀለም ጨርሷል። ጅራፉ ለማስረጃ ይቀመጣል ተባለ። የምን ወንጀል ማስረጃ? እስካሁን ያበሽቀኛል። ጠዋቴን ወሰዱ፣ ጅራፌን ወሰዱ፣ «ሕዝብ አስደነገጡ» ብለው የሚያማርሩትም እነሱው። ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የተባለው እኮ የኔው ጅራፍ አይደለም።

ለወደፊቱ ከሦስት ቀን በፊት ማመልከቻ ያስገቡ ብለውኛል። አትስሟቸው። ማመልከቻ ጽፌ ከምጫወት ቅዳሜም ሥራ ብገባ ይሻለኛል። ይልቅ ለአካባቢው ሰው ንገሩ። እኔ ሁለተኛ ጅራፍ ገምጄ ከሜዳው አጠገብ ለሚኖሩት እናት ነገርኳቸው። «ዓይንህን እንዳታጠፋ ብቻ፣ ወንድምዓለም» አሉኝና ወደ ሽሯቸው ተመለሱ። ፈርመህ የለም ወይ ለሚለኝ ደግሞ፣ የፈረምኩት ስለዚያኛው ጅራፍ ነው።

ጓደኞቼ ልጅ ይዘህ ሂድ፣ ማንም አይናገርህም ይሉኛል። አልስማማም። ልጅ ካለ አስተማሪ ትሆናለህ፣ ጨዋታው የእሱ ይሆናል። ስልክም ቤት ይቅር። ጅራፍ እየቀረጸ ያጮኸ ሰው አይቻለሁ፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ ጅራፉ አንገቱ ላይ። ኮፍያ ግን አድርጉ፤ ጆሮ ላይ ካረፈ ቀልድ የለም።

ያ ፈገግ ያለው የጸጥታ ሰው አልፎ አልፎ ከሥራ ሲወጣ ሜዳው ላይ ብቅ ይላል። ከኔ በላይ ያጮኻል። ማመልከቻ ያስገባ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።