ለቡቺ የተሠራ የአንገት ልብስ

ዝናቡ ዛሬ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ኪሮሼን አነሳሁና ለቡቺ የአንገት ልብስ ሠራሁለት። እማዬ ቡና እየቆላች "ደግሞ ለውሻ ዳንቴል!" ብላ ሳቀችብኝ። ቴሌቪዥኑን፣ ሶፋውን፣ ድሮ የተበላሸውን ቴፕ ሳይቀር ዳንቴል ያለበሰች ሴትዮ ናት እንዲህ የምትለው።

ሥራው ከባድ አይደለም። አንገቱን በሜትር ለክቶ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ጨምሮ፣ በኪሮሼው የክር ሰንሰለት ጥሎ ረድፍ በረድፍ መመላለስ ነው። ከባዱ ቡቺን አስቁሞ መለካቱ ነው! ሜትሩን እንደ እባብ ሲያባርረው ቆየ።

ክሩን ጥጥ አደረግኩት። ሱፉ ያምራል፣ ግን ዝናብ ሲነካው ይከብዳል፣ በዚህ ክረምት ደግሞ መቼ ሊደርቅ። አዝራር የሚባል ነገር አላስጠጋሁም፤ ይሄ ልጅ የአባዬን ጫማ ጨርሶ ወደ ወንበሩ እግር የተሻገረ ነው። ማሰሪያውንም በዚያው ክር ሠራሁት። የተረፈውን ጫፍ በመርፌ ውስጥ ለውስጥ አስገብቼ ቀበርኩት። ይህቺን የምትሞክሩ ሰዎች እንዳትንቋት፤ ውሻ ረጅም ክር ከዋጠ አንጀቱን ሰብስቦ ሊቆርጠው ይችላል፣ እስከ ቀዶ ሕክምና ያደርሳል። ማታ ማታ ወይም ብቻውን ግቢ ሲውል ደግሞ ማውለቅ ነው፤ አጥር ላይ ቢያዝበት ያንቀዋል።

ቀዩ ቀለም አምሮበታል፣ እማዬም በስልኳ ፎቶ አነሳችው። አሁን የጎረቤታችን ልጅ ለድመቷ ኮፍያ አዛኛለች። የጆሮ ቀዳዳ አወጣጥ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።