ሁሉም ሰው ሃያ የሚተነፍስበት ዋርድ

ፕሮፌሰር ከተባልኩ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል። ዋርድ ውስጥ ግን ማንም እንደዚያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። እዚያ ሲስተር ነኝ፤ እኔም የምወደው ይህንኑ ነው። ነርሲንግ አስተምራለሁ፣ ጎን ለጎን የሆስፒታል አገልግሎት ጥራት ላይ እሠራለሁ። አሁን የማወራችሁ ሁለቱም ሥራዬ በአንድ ቀን ያሳፈሩኝን ነገር ነው። ጥፋቱ በከፊል የራሴ ስለሆነ ሆስፒታሉን አልጠራም።

የነርሶችን ቻርት ኦዲት እንዳደርግ ተጠይቄ ነበር። የውስጥ ደዌ ዋርድ ነው፣ 32 አልጋ፣ ሁሉም የተያዘ። ሥራው ቀላል ነው። የቫይታል ሳይን ቅጹን መግለጥ፤ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና ትንፋሽ መሞላቱን ማየት፤ ከተሞላ ራይት ማድረግ። ባዶ ሳጥን ያገኘሁት አንድ ቻርት ላይ ብቻ ነበር። ጎበዝ ልጆች! አልኩ በልቤ። ብዙዎቹን ያስተማርኳቸው እኔ ስለሆንኩ ትንሽ ኮራ ማለቴም አልቀረም።

ልወጣ ስል አንዲት አስታማሚ ነጠላዋን እየሰበሰበች አቆመችኝ።

«ሲስተር፣ አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ቁና ቁና ሲተነፍስ ነው ያደረው። ኧረ እባክዎ ይዩልኝ።»

ቻርታቸውን አሁን አይቼዋለሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ትንፋሽ 20። የአዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነውና በወረቀቱ መሠረት አባባ ደህና ናቸው። አልጋቸው ጋ ስደርስ ግን አንገታቸው ሥር ያለው ጎድጓዳ አየር በሳቡ ቁጥር ይሰረጉዳል። አፍንጫቸው ይርገበገባል። «ደህና ነኝ» የምትለዋን ቃል እንኳ በሁለት ትንፋሽ ነው የጨረሷት። የእጅ ምት የምለካ መስዬ እጃቸውን ያዝኩ። የድሮ ዘዴ ነው፤ ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣል። ደረቴ ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። 38።

ከዚያ ግርግር ሆነ። ተለማማጅ ሐኪሟ እየሮጠች መጣች፣ ጣታቸው ላይ ያደረግነው የኦክስጅን መለኪያ 81 አለ፤ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ሲሊንደሩ እየተንገጫገጨ ገባ። የሳንባ ምች ነበር። እንዳትሳቀቁ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ተርፈዋል። በ12ኛው ቀን ልጃቸውን ተደግፈው ወጡ።

እኔ ግን ተመልሼ ቻርቶቹን እንደገና ገለጥኩ። ጠዋት ሳጥኑ መሞላቱን ነበር ያየሁት። አሁን የተሞላውን አነበብኩ። 20፣ 20፣ 20፣ 20። አልፎ አልፎ 22። አንዱ ደፋር 18 ጽፏል። አስም ያለባትም፣ ልቡ የደከመበትም፣ ነገ ቤቱ የሚሄደውም እኩል ሃያ ይተነፍሳሉ።

ነደደኝ። በርክክብ ሰዓት ሰብስቤ ወረድኩባቸው። ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ሳይቀር አነሳሁ። በክሪሚያ ጦርነት ከቁስል ይልቅ በበሽታ ያለቀው ወታደር እንደሚበልጥ በቁጥር ያሳየች ነርስ ናት፣ እናንተ ደግሞ ቁጥር ትፈበርካላችሁ አልኳቸው። ቀና ያለ የለም። በመጨረሻ አንድ የድሮ ተማሪዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሲስተር፣ በምን እንቁጠር?» አለኝ።

ግድግዳውን አየሁ። ሰዓቱ 4፡10 ላይ ቆሟል። መቼ እንደቆመ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስልክ? በሩ ላይ «በሥራ ሰዓት ስልክ መያዝ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የእጅ ሰዓት? ከክርን በታች ቀለበትም ሰዓትም እንዳይኖር፣ ኢንፌክሽን ያዛምታል ብዬ ያስወለቅኳቸው እኔው ነኝ። የእኔ ሰዓት ደረት ላይ የሚንጠለጠል፣ የድሮ ነርሶች የሚይዙት ዓይነት ነው፤ ከአስተማሪዬ ነው የወረስኩት። እነሱ ከየት ያምጡት?

ይሄኔ ሌላዋ ነርስ ተበረታታች። ሌሊት ሁለት ነን አለች፣ ለ32 ሰው። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ ቢባል ለትንፋሽ ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። መድኃኒቱስ? ጉሉኮሱስ? ደውሉን ማን ይሰማል?

«ደግሞ ባዶ ብንተወው» አለች፣ «ማርክ የሚቀንሱብን እርስዎ ነዎት።»

ምላሴ ታሰረ። ተማሪ ሳሉ ኬዝ ሪፖርታቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የምጽፍላቸው ነገር ትዝ አለኝ፤ «ያልተሞላ ሳጥን አልቀበልም»። ልጆቹ ትምህርቱን በደንብ ይዘውታል።

አቬዲስ ዶናቤዲያን የሚባል፣ ቤሩት የተወለደ አርመናዊ ሐኪም ነበር። የጥራት ሰዎች እስከ ዛሬ የምንመራበትን ሐሳብ በ1966 እ.ኤ.አ. ጽፎ ሄዷል። ሦስት ነገር እዩ ነው የሚለው፦ ሥራው የሚሠራበትን ሰውና ዕቃ፣ ሥራው የሚሠራበትን መንገድ፣ ከዚያ ታካሚው ምን እንደሆነ። በየዓመቱ አስተምረዋለሁ፣ ፈተና ላይም አወጣዋለሁ። የቆመውን ሰዓት ግን በሥሩ ስመላለስ አላየሁትም።

ሰዓት ይገዛልን ብዬ ስጠይቅ የንብረት መጠየቂያው ሞዴል 20 ነው ተባልኩ። ይቺ ሃያ ልትለቀኝ አልቻለችም። ሞላሁ፣ ተፈረመ፣ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ከዚያ መርካቶ ወጥቼ ሰከንድ የሚቆጥሩ አራት የግድግዳ ሰዓቶች ከኪሴ ገዛሁ። ይህን ስናገር የሚያመሰግነኝ አይጠፋም። አያስመሰግንም። ከነርስ ኪስ የሚገዛ ዕቃ ባትሪው ሲያልቅ ባለቤት የለውም።

ሁለት ነገር ደግሞ ቀየርን። ያልተቆጠረ ካለ ሳጥኑ ላይ «አልተቆጠረም» ተብሎ ምክንያቱ ይጻፍ፤ ማንም አይቆጣም። ኦዲቱም ራይት ማብዛት ቀረ። አምስት ታካሚ እመርጣለሁ፣ አጠገባቸው ቆሜ እቆጥራለሁ፣ ከቻርቱ ጋር አስተያያለሁ።

በመጀመሪያው ወር የኦዲቱን ውጤት የሚያሳየው ግራፍ ቁልቁል ወረደ። ስብሰባ ላይ ሳሳያቸው አለቆቹ ደነገጡ። «ሲስተር፣ እርስዎን ያመጣንዎ እንዲሻሻል ነበር እኮ!» አሉኝ። የአባባን ቻርት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንዳንዱ ገባው። አንዱ እስካሁን ኮሪደር ላይ ባገኘኝ ቁጥር ግራፉ መቼ ይነሳል ይለኛል። ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው። «አልተቆጠረም» የሚሉትን ስንደምራቸው አብዛኞቹ የሌሊት ሆኑ። ለሌሊት ሦስተኛ ነርስ የተመደበልን ያንን ወረቀት ይዘን ገብተን ነው። ሰው አነሰን እያልን ስንት ዓመት ጮኸናል።

በቅርቡ አንድ ማታ ሳልናገር ገባሁ። ጥግ ላይ አንዲት ተማሪ የአንዲት እናት እጅ ይዛ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «እንዴት አመሸሽ?» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ነጻ የሆነውን እጇን ብድግ አድርጋ ቆዩ አለችኝ። ቆምኩ። ስትጨርስ ጻፈች። አንገቴን አስግጌ አየሁ። 20።

ጠረጠርኳት፤ ምን ልዋሽ። ወደ ሌላ አልጋ ስታልፍ ጠብቄ የእናትየዋን እጅ ያዝኩና እኔም ቆጠርኩ። አንድ ሙሉ ደቂቃ።

ሃያ ነበር።