ሊብሬው የማን ነው?

ስልኩ የተደወለው ለእሱ ሳይሆን ለኔ ነው። መርዶ በቀጥታ አይነገርማ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከጎንደር። የአክስቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ከፍራንክፈርት ቦሎኛ ድረስ መኪናውን እየነዳ ሊጠይቀኝ ከመጣ ገና ሁለት ቀኑ ነው። እናቱ ማረፏን እኔ ሰምቻለሁ፣ እሱ ያንኮራፋል። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ነጋ።

ጠዋት ሁለት ያገር ልጆች ጠርቼ አረዳነው። እሱን አልጽፈውም።

ከሰዓት በኋላ ሚላኖ፣ ማልፔንሳ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰድኩት። ቲኬቱ የተገኘው በስንት ልመና ነው። በሩ ላይ ስንደርስ የመኪናውን፣ የጎልፏን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠና «እስክመለስ ያንተው ናት። የአርባ ተዝካሯን አውጥቼ ነው የምመጣው» አለኝ። ተቃቀፍን። ሄደ።

እዚህች ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ወረቀት እንደሚያስፈልግ አውቅ ነበር። በደንብ ባላውቀውም ሰምቼ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ አንድ ልጅ፣ «የውጭ ታርጋ የምትነዳ ከሆነ ባለቤቱን አስፈርመህ ያዝ» ብሎኝ ያውቃል። ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ እስክሪብቶም ደብተርም ነበር። ግን ዓይኑ በልቅሶ ላበጠ ሰው እስክሪብቶ ይዘረጋል? «እናትህ ሞታለች፣ እዚህ ጋ ፈርምልኝ» ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞ መኪናዋ የወንድሜ ናት፤ ምን ይመጣል አልኩ።

የመጣውን ከመናገሬ በፊት ሕጉን ላስረዳ። እኔ ከተቀጣሁ በኋላ ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ፤ እናንተ ቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል።

ጣሊያን ውስጥ ነዋሪነት ያለው ሰው የሌላ አገር ታርጋ ያላት መኪና ሲነዳ ሕጉ ቀድሞ የሚያየው መኪናዋን አይደለም። ነጂውን ነው። የአክስቴ ልጅ መኪና ኢንሹራንስ አላት፣ ምርመራዋን አልፋለች፣ ግብሯን ጀርመን ትከፍላለች። ጥሩ። ጥያቄው ግን «አንተ የምትኖረው የት ነው?» የሚል ነው። ባለቤቱ ራሱ ጀርመን እየኖረ ጣሊያን ውስጥ ቢነዳት እንግዳ ነው፤ ማንም አይነካውም። ያቺኑ መኪና፣ በዚያው መንገድ፣ እኔ ስነዳት ነገሩ ይለወጣል። መታወቂያዬ ላይ ቦሎኛ የሚል አድራሻ አለ።

ድሮ የባሰ ነበር። በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ የወጣው ሕግ ጣሊያን ነዋሪ ከሆነ 60 ቀን ያለፈው ሰው ውጭ አገር የተመዘገበ መኪና እንዳይነዳ ነበር የከለከለው፤ እንደ ኪራይና የድርጅት መኪና ያሉ ጥቂቶች ሲቀሩ። የታሰበው ግብርና ቅጣት ሽሽት መኪናቸውን ሌላ አገር እያስመዘገቡ ጣሊያን ውስጥ የሚነዱትን ለመያዝ ነው። መረብ ግን ዓሣ አይመርጥም። ከባልና ሚስት አንዱ ጣሊያን ይኖራል፣ መኪናዋ ስሎቫኪያ ውስጥ በትዳር ጓደኛው ስም ተመዝግባለች። እሱም ተያዘ። ክርክሩ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደና በታኅሣሥ 2021 ፍርድ ቤቱ መኪናዋ በዘላቂነት ጣሊያን ውስጥ የምትሠራ እስካልሆነች ድረስ እንዲህ ያለው ክልከላ ከኅብረቱ ሕግ ጋር አይሄድም አለ።

ከመጋቢት 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አዲሱ ሕግ መዋስን አይከለክልም። ወረቀት ነው የሚጠይቀው። ባለቤቱ የፈረመበት፣ መኪናዋን በምን ምክንያትና ለስንት ጊዜ እንደሰጠህ የሚናገር፣ ቀኑ የማያጠራጥር ወረቀት መኪናዋ ውስጥ መኖር አለበት። «ቀኑ የማያጠራጥር» የምትለዋን አስምሩባት። ከተያዝክ በኋላ ጽፈህ ያለፈ ቀን እንዳትለጥፍበት ነው። ሌላም አለ። የተዋስካት መኪና አንተ ዘንድ የምትቆይበት ጊዜ በዓመቱ ውስጥ ተደማምሮ ከ30 ቀን ካለፈ፣ ቢቆራረጥም እንኳ፣ የውጭ መኪኖች መዝገብ ላይ መመዝገብ አለባት። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። የኛ ለቅሶ አርባ ቀን ነው፤ የነሱ ሕግ የሚታገሠው ሠላሳ። ወረቀቱን ባስፈርመው ኖሮ እንኳ ተዝካሩ ሳይወጣ ሕግ ጥሼ ነበር ማለት ነው።

(ስዊዘርላንድ ወይም እንግሊዝ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። እነዚያ ከኅብረቱ ውጭ ስለሆኑ የነሱ ታርጋ ያላት መኪና የትራፊክ ብቻ ሳትሆን የጉምሩክም ጉዳይ ናት። የኅብረቱ ነዋሪ የሆነ ሰው እንዲህ ያለች መኪና መንዳት የሚችለው አልፎ አልፎ፣ ባለቤቱ ጠይቆት፣ ያውም ባለቤቱ ራሱ በዚያ ሰዓት ኅብረቱ ግዛት ውስጥ ካለ ነው። ባለቤቱ አገር ቤት ለቅሶ ላይ ከሆነ አበቃ፤ ቀረጥ ያስከፍላችኋል።)

ወደ ነገሬ ልመለስ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከሥራ ስመለስ፣ ቪያ ኤሚሊያ ላይ ፖሊስ በቀይ ዘንጉ አስቆመኝ። መስታወቱን ዝቅ አደረግሁ። «ፓቴንቴ ኤ ሊብሬቶ» አለ፤ መንጃ ፈቃድና ሊብሬ ማለቱ ነው።

ጣሊያን አገር ስገባ መጀመሪያ የገረመኝ ይሄ ነው። ስለ መኪና ሲሆን ቋንቋውን ሳልማረው አውቀው ነበር። ታርጋ ያው ታርጋ ነው። ሊብሬ ሊብሬቶ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፋኖ፤ የጎንደር ጋራዥ ሠራተኛ ሳያውቀው ግማሽ ቀን ጣሊያንኛ ሲያወራ ይውላል። ጣሊያኖቹ ጎንደር ላይ በኅዳር 1934 ዓ.ም እጃቸውን ሰጥተው ሲወጡ ፒያሳ ላይ ሕንጻውን፣ አፋችን ላይ የመኪናውን ዕቃ ትተውልን ሄዱ።

ፖሊሱ ሊብሬውን በባትሪ አየ፤ የጀርመን። መንጃ ፈቃዴን አየ፤ የጣሊያን። ስሞቹን አስተያየ። የአክስቴ ልጅና እኔ የአባታችን ስም አይገናኝም፤ የኛ አጠራር ደግሞ የቤተሰብ ስም አያውቅም። ለሱ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ነን።

«ባለቤቱ የት ነው?»

«ኢትዮጵያ። እናቱ ሞታ።»

አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ «አዝናለሁ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር። ከዚያ ወረቀቱን ጠየቀኝ። የለኝም።

የዚህ ቅጣቱ ከ250 እስከ 1,000 ዩሮ ነው። ዝቅተኛው ተጻፈልኝ፤ በአምስት ቀን ውስጥ ስለከፈልኩ ሠላሳ በመቶ ተቀንሶ 175 ሆነ። ይሄስ ይሁን። የከፋው መኪናዋ መታገዷ ነው። ወረቀቱ እስኪቀርብ፣ ካልቀረበም 60 ቀን እስኪሞላ አትለቀቅም። ካሮ አትሬዚ ይሉታል፣ የመኪና መጎተቻውን፤ መጣና የፊት ጎማዎቿን አንስቶ ይዟት ሄደ። ኋላ መቀመጫው ላይ አክስቴ በሰው የላከችልኝ፣ ገና ያልወረደ የበርበሬ ጥቅል ነበር። እሱን እንኳ ሳላወጣ።

አሁን ድንኳን ውስጥ ለተቀመጠ ሰው መደወል አለብኝ። ሁለት ቀን ፈራሁ። በሦስተኛው ደወልኩ። ከኋላው የሰው ድምፅ ይሰማል፤ የጽዋ ማኅበር ሰዎች መጥተው ነበር። ነገርኩት። ዝም አለ። «ምን ልጻፍልህ?» አለ ብቻ። ማታውኑ ፒያሳ ኮምፒዩተር ቤት ሄዶ አስጽፎ፣ ፈርሞ፣ በቴሌግራም ላከልኝ። ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ አነበበና ጣቱን ቀኑ ላይ አሳረፈ። መኪናዋ ከተያዘች በኋላ የተጻፈ ነው። አይሆንም።

የአክስቴ ልጅ አርባውን አውጥቶ ሲመለስ በባቡር ወደ ፍራንክፈርት ሸኘሁት። 60 ቀኑ ሲሞላ ተመልሶ መጥቶ ወሰዳት። የማቆሚያና የማስጎተቻ ሒሳቡን እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ተባብለን፣ ተጎታትተን፣ እሱ አሸነፈ። በርበሬው ግን ደህና ነበር።

ለጥምቀት ጎንደር ገባሁ። አክስቴን ያላለቀስኩላት ያክል ይሰማኝ ነበርና መጀመሪያ እዚያ ቤት ሄድኩ። ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው ቤታቸው። የአክስቴ ባል፣ ጋሼ፣ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጥቁር ጃኬት ከጋቢው ሥር። አለቀስን፤ ተቀመጥን፤ ቡና ተፈላ።

ትንሹ ልጃቸው ባጃጅ አለው። እኔ እዚያ በተቀመጥኩበት ሁለት ሰዓት ውስጥ ቁልፏ ሦስት ሰው እጅ ገባች። አንዱ ጎረቤት በአጥር በኩል ጮኸ፣ «ለታቦቱ ምንጣፍ ላመላልስባት?» ልጁ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ቁልፉን ወረወረለት። «ነዳጅ የላትም፣ እያየህ!» ብቻ። እኔ ቁልፉ በአየር ላይ ሲሄድ በዓይኔ ተከተልኩት። 175 ዩሮ ሲበር ታየኝ።

ጋሼ ሁኔታዬን አዩ መሰለኝ «እስቲ ያን የመኪናውን ነገር ንገረኝ» አሉ። ልጃቸው ጨርፎ ነግሯቸዋል። እኔም ከላይ የጻፍኩትን በሙሉ ነገርኳቸው፤ የሠላሳ ቀኑን፣ የቀኑን፣ የመዝገቡን። ሲሰሙ «እህ» እያሉ ቆዩና፣ «ለምን እዚህ አያመጣትም ያቺን መኪና?» አሉ። ቀረጡን ነገርኳቸው፤ ተዉት። (ከዚያ ወዲህማ በ2016 ዓ.ም ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት ራሱ ተከልክሏል።)

«እኔ የሚገርመኝ» አልኳቸው፣ «እዚያ ወንድም ለወንድሙ መኪና ሲያውስ በወረቀት ነው። እንደኛ በእምነት አይደለም።» እንዲህ ስል ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። አገሬ ገብቼ የለ!

ጋሼ አልመለሱልኝም። ተነሡና ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ የዳዊታቸውን ማኅደር ይዘዋል፤ ያ በጠፍር የሚንጠለጠለውን የቆዳ ከረጢት። ከዳዊቱ ጀርባ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የግቢው ጥግ ያለችውን ነጭ ኮሮላ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ የማውቃትን፣ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«አንብብ» አሉ።

ሊብሬው ነው። ስሙ የሳቸው አይደለም። የማላውቀው ሰው ስም ነው።

«የገዛኋት ከሱ ነው። ስም ሳናዛውር ቀረን። ነፍሱን ይማረው፣ ሞቷል።» ከላስቲኩ ውስጥ ሌላ ወረቀት አወጡ። ታጥፎ ታጥፎ ጠርዙ ሊበጠስ የደረሰ ውክልና። መንዳት፣ ማስመርመር፣ መሸጥ፣ መለወጥ፤ ሁሉም በዝርዝር አለበት። ከታች ማኅተም፤ ከማኅተሙ በላይ ቀን።

«ይህን ስጽፍ ጓደኛዬ ነበር» አሉ። «ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት። አላፈርኩም፤ እሱም አላፈረም።»

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ መልሰው ጠቀለሉ። ላስቲኩ ደርቆ ይንኮሻኮሻል።

«አንተ ለልጄ ብታስብለት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ደውለህልኝ ቢሆን ኖሮ እኔው አጠገቡ ተቀምጬ አስፈርመው ነበር። ሞቱ እኮ የኔም ነው፤ እጄ ግን ይጽፋል።»

ትንሹ ልጅ በዚህ መሃል ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄዷል። ጎረቤቱን እየተጣራ ነው። ባጃጇ ነዳጅ ጨርሳ አዘዞ መንገድ ላይ ቆማለች አሉ፤ ታቦቱ ሳይወርድ ምንጣፉ መድረስ አለበት። ጋሼ የኮሮላዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡና ወደ እኔ ዘረጉ። ከዚያ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ለልጃቸው ሰጡት፣ ለኔ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለውን።

«አንተ ይህን ያዝለት» አሉኝ።