ድሬና ሐረር፣ የድሮ ምግብ ቤቶች፦ አራተኛ ጉዞ

በመጨረሻ ተሳካልኝ። ባለፈው ሳምንት ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ነደባ ላይ፣ ማለትም በሐረሪ ቤት ከፍ ብሎ በተሠራው መደብ ላይ ቁጭ ብዬ ሁልበት መረቅ በላሁ፤ የተመታ አብሽ በሥጋ መረቅ ላይ ነው። ለዚህች አንዲት ሳህን ከአዲስ አበባ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ደስታው ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

የመጀመሪያውን ጉዞ አላበዛውም። ታፔላው ትልቅ የሆነበት ቤት ገባሁ፣ ደላላ የመራኝ ቤት ገባሁ፣ ምን እንደበላሁ እንኳ አላስታውስም። በሁለተኛው ደብተር ያዝኩ። ቤቱ የት እንዳለ፣ ምን እንደበላሁና ስንት ሰዓት እንደገባሁ እጽፋለሁ። አሁን 17 ቤት ደርሻለሁ።

ለምን ድሬ? ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው ከበደው፤ ከተማዋም ከተራራው ሥር ተወለደች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ያኔ ባቡሩ የሚሄደው ቀን ቀን ብቻ ስለነበር ተሳፋሪው አንድ ሌሊት ድሬ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። የሚያድር ሰው ደግሞ እራት ይፈልጋል። የድሮው ባቡር ጣቢያ ያለበት ከዚራ የሆቴልና የቡና ቤት ሰፈር መሆኑ አይገርምም። ግሪኩም አርመኑም ጣሊያኑም እዚያ ኖሯል። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ የሚባለው ሰፈር ስትገቡ ደግሞ ፉልና ፈጢራ ነው። እኔ የመጋላ ወገን ነኝ። ከዚራ ዛፍ ሥር ማኪያቶ ይጠጣል፤ የሚበላው ግን መጋላ ነው።

አሁን ወደ ችግሬ ልምጣ። ሰዓት። እንዲህ የፈተነኝ ነገር የለም።

በሁለተኛው ጉዞ መጋላ አንድ የድሮ ቤት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ከምሳ በኋላ ድሬ ሱቋን ዘግታ የጫት በርጫ ላይ እንደምትሆን አላወቅኩም። አንድ ልጅ ከእንቅልፉ ተነስቶ የቀዘቀዘ እንቁላልና የደረቀ ዳቦ አመጣልኝ። ተናደድኩና ደብተሬ ላይ «አይረባም» ብዬ ጻፍኩ። ይባስ ብዬ ለጓደኞቼም እንዳትገቡ አልኳቸው።

በሦስተኛው ጉዞ ጠዋት በዚያው በር ሳልፍ ሰው ሞልቶ ወጥቶ ደጅ ላይ ቆሟል። ገባሁ። ገንዘብ የሚቀበሉትን እናት ባለፈው ምን እንደገጠመኝ ነገርኳቸው። ሳቅ አሉና «ልጄ፣ ወላሂ አንተ የመጣኸው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው» አሉኝ።

ያን ቀን ፈጢራ ሠሪው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሊጡን ዘይት በተቀባው ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ ይገፋዋል። ሄዶ ሄዶ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ እስኪታይ ይሳሳል። እንቁላሉን መሃሉ ላይ አፍስሶ አራቱን ጫፍ ያጥፈውና ብረት ምጣዱ ላይ ይጥለዋል። ሲበስል ከትፎ ማር ያፈስበታል። 1 ሰዓት ከሩብ ነበር። 3 ሰዓት ላይ ሊጡም ሰዉም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አቋሜ አንድ ነው። «ይህ ቤት ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ ሁሉም «ጥንት ነው» ይላችኋል። «እሳት የምታነዱት ስንት ሰዓት ነው?» በሉ። ሁለተኛ፣ ሜኑ አትጠይቁ። ጎረቤታችሁ የሚበላውን አምጡልኝ በሉ። በረመዳን ከሄዳችሁ ደግሞ ይህ ሁሉ ይገለበጣል፤ ቀን ላይ ብዙው ዝግ ነው፣ ሾርባውና ሳምቡሳው ጀንበር ስትጠልቅ ነው የሚወጣው።

ሐረር ላይ ሰዓት ብቻ አልበቃኝም፤ ቀንም ያስፈልጋል። ጀጎል በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እኔ ግን ግንቡን ሳይሆን ምግቡን ፍለጋ ሦስት ጊዜ አምስቱንም በሮች ዞሬ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። የምፈልገው መንገድ ዳር ሳይሆን ጌ ጋር ውስጥ፣ የሐረሪ ቤት ውስጥ ነበር። ከእነዚህ የድሮ ቤቶች አንዳንዶቹ ዛሬ እንግዳ ያሳድራሉ። ከአንድ ቀን በፊት ብትነግሯቸው ያበስሉላችኋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አብሹ ማታ ካልተዘፈዘፈ ሁልበት የለም።

ባለቤቷ ስትሠራ እንዳይ ፈቀደችልኝ። አብሹ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፋች፤ ምሬቱ ከሱ ጋር ይሄዳል። ከዚያ አብሹን በእጇ መምታት ጀመረች። መጀመሪያ ቢጫና ወፍራም ነበር። እየቆየ ነጣ፣ አረፋ ሆኖ ሳህኑን ሞላው። ትኩሱ የሥጋ መረቅ ላይ ስታደርገው ሽታው ግድግዳው ላይ እስከተሰቀሉት ሳህኖችና ስፌቶች ድረስ የደረሰ መሰለኝ።

አንድ ስህተት ግን ሠርቻለሁ። ስገባ ደስ ያለኝ ከፍታ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ነደባ ግን ደረጃ ደረጃ አለው፤ የአባወራው አለ፣ የሽማግሌው አለ፣ የልጁ አለ። ማንም አልተናገረኝም፤ ሽማግሌው አባት ገብተው ዝቅ ያለው ላይ ሲቀመጡ ነው የገባኝ። ተነስቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። «የት ልቀመጥ?» በሉ፣ አደራ።

ግመል ሥጋ ላይ ምክር የለኝም። ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም አልጨረስኩም። ሆጃን ግን ሞክሩ፤ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላ ነው፤ እኔ ሁለት ስኒ ጠጥቼ ሦስተኛ ለመጠየቅ አፍሬ ነው የተነሳሁት።

ስመለስ ድሬ አድሬ ጠዋት መጋላ ያሉት እናት ቤት ገባሁ። ደብተሩን አወጣሁና «አይረባም» ያልኩትን ሰርዤ «ፈጢራ፣ 1 ሰዓት ከሩብ፣ ምጣዱ አጠገብ» ብዬ ጻፍኩ። እንዳትገቡ ያልኳችሁ ጓደኞቼ፣ ግቡ። መጋላ ውስጥ ማታ እሳት የሚያነድ የድሮ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ሰፈሩንና ሰዓቱን ንገሩኝ። የደብተሬ የማታ ገጽ እስካሁን ባዶ ነው።