«ቴሙ አይፈቅድም» የተባለው ሜኑ

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ያለ የንግድ ማማከር ቢሮ ነው። ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የተሠራ ብሎግ አለው፤ ጽሑፎቹም ጠቃሚ ናቸው። የገጾቹ ርዕስ ግን ረጃጅም ነው። «ለንግድ ፈቃድ እድሳት የሚያስፈልጉ ሰነዶችና ቅድመ ሁኔታዎች» ለገጹ ተገቢ ርዕስ ነው፤ ሰው ጎግል ላይ የሚጽፈውም ይህንኑ ነው። እንዲህ ያሉ ስድስት ርዕሶች ሜኑ ላይ ሲደረደሩ ግን ሦስት መስመር ይይዙና የገጹን አናት ያጣብቡታል።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ድረ ገጹን ለሠራላቸው ባለሙያ ሲነግሩት «ቴሙ አይፈቅድም» አላቸው፤ ቴም የድረ ገጹን መልክና አቀማመጥ የሚወስነው ዝግጁ ንድፍ ነው። ሌላ መንገድ ስላልታየ አንድ ሠራተኛ ርዕሶቹን ራሳቸውን ቆረጣቸው። የእድሳቱ ገጽ «እድሳት»፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ገጽ «ቁጥር» ሆነ። ሜኑው አንድ መስመር ላይ ገባ። ነገር ግን የገጽ ርዕስ ሜኑ ላይ ብቻ አይደለም የሚወጣው። ከጽሑፉ በላይ በትልቁ የሚነበበው፣ ብሮውዘሩ ታብ ላይ የሚታየው፣ ጎግል ውጤት ላይ የሚመጣውና በቴሌግራም ሊንክ ሲላክ ከሥር የሚወጣው ሁሉ ከእሱ ነው የሚቀዳው። ደንበኞች እየደወሉ «የላካችሁልን ‹ቁጥር› የሚለው ምንድን ነው?» ይሉ ጀመር።

ለገጹ ረጅም፣ ለሜኑ አጭር ስም መስጠት እንደሚቻል ሲነገራቸው ሥራ አስኪያጁ አልተዋጠላቸውም። «አንድ ገጽ ሁለት ስም ይኖረዋል እንዴ? ሰው አይደናገርም?»

መልሱን የሰጡት ደብዳቤ ሊያስፈርሙ የገቡት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። «ጌታዬ፣ ቦክስ ፋይሉ ጀርባ ላይ እኮ ‹ግብር› ብለን ነው የምንጽፈው። ውስጥ ያለው ደብዳቤ ‹ጉዳዩ፦› ብሎ ሁለት መስመር ይሄዳል። ያንን ሁሉ ጀርባው ላይ ብጽፈው ከመደርደሪያው ማን አንብቦ ያወጣዋል?»

«እሺ እትዬ፣ ገባኝ» አሉና ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። «ታዲያ ጀርባው የሚጻፍበት ቦታ የታለ?»

ቦታው ዳሽቦርዱ (የዎርድፕረስ ማስተዳደሪያ ገጹ) ውስጥ አፒራንስ፣ ከዚያ ሜኑስ የሚለው ነው። ሲከፈት ባዶ ነበር። ከመጀመሪያውም ሜኑ አልተፈጠረም። ሜኑ ካልተፈጠረ አብዛኞቹ የቆዩ ቴሞች ያሉትን ገጾች በሙሉ በየርዕሳቸው ራሳቸው ይደረድራሉ፤ በዚህ ሁኔታ ስም የሚቀየርበት ሳጥን የለም። «አይፈቅድም» ያሰኘው ይኸው ነው። ዎርድፕረስ ግን ይህን ከ2010 ጀምሮ፣ ከ3.0 እትሙ አንስቶ ይፈቅዳል። ደንበኛ ገንዘብ ከፍሎ ያሠራውን ነገር አይቻልም ከማለት በፊት ይህን አንድ ገጽ ከፍቶ ማየት የባለሙያ ግዴታ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አዲስ ሜኑ ይፈጠራል፤ ከግራ በኩል የሚፈለጉት ገጾች ተመርጠው ይጨመራሉ፤ ከታች የሜኑው ቦታ ላይ ምልክት ይደረጋል። ይህ ምልክት ከተረሳ ሴቭ ቢደረግም ድረ ገጹ ላይ ምንም አይለወጥም። ከዚያ እያንዳንዱ ገጽ ጎን ያለችው ቀስት ስትነካ «ናቪጌሽን ሌብል» የሚል ሳጥን ይከፈታል። አጭሩ ስም እዚያ ይጻፋል። የገጹ ትክክለኛ ርዕስ ከሥሩ «ኦሪጅናል» ተብሎ ስለሚታይ የቱ ገጽ እንደሆነ አይጠፋም።

ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ረጃጅሞቹ ርዕሶች መጀመሪያ ወደ ቦታቸው መመለስ አለባቸው፤ ሌብሉ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ዎርድፕረስ የሜኑ ስም ከገጹ ርዕስ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ከሆነ ለብቻው አያስቀምጠውም፤ ባዶ አድርጎ ርዕሱን እንዲከተል ይተወዋል። ርዕሱ ገና «እድሳት» እያለ ሌብሉም «እድሳት» ተብሎ ሴቭ ከተደረገ፣ ርዕሱ በተስተካከለ ማግስት ሜኑው ተመልሶ ይረዝማል። ብዙ ሰው ሠርቼው ጠፋብኝ የሚለው እዚህ ላይ ነው። በተቃራኒው የተለየ ሌብል ከተሰጠ በኋላ ርዕሱ ቢቀየር ሜኑው አይከተልም፤ በእጅ ማስተካከል ነው።

አዳዲስ ገጾችን በራሱ ሜኑ ውስጥ የሚጨምረው ምርጫም ምልክት ሳይደረግበት ይቀመጥ፤ አለዚያ ቀጣዩ ረጅም ርዕስ ሳይጠራ ይገባል። ብሎክ በሚባሉ ክፍልፋዮች እየተገጣጠሙ በሚሠሩት አዳዲስ ቴሞች ደግሞ ሜኑውን በሚይዘው የናቪጌሽን ብሎክ ውስጥ «ፔጅ ሊስት» (ገጾቹን በየርዕሳቸው ራሱ የሚደረድረው) ካለ ስም አይቀየርበትም፤ «ኤዲት» ተብሎ ወደ ነጠላ ሊንኮች መለወጥ አለበት።

ስሞቹን የመረጡት የመዝገብ ቤቷ ናቸው። «እድሳት» ብቻ ሲባል «የምን? የመኪና ነው የቤት?» ብለው «ፈቃድ እድሳት» አስባሉት። ልክ ናቸው፤ ሜኑ ላይ የተነካው ቃል ገጹ ርዕስ ውስጥም መገኘት አለበት፣ ሰው የፈለገው ቦታ መድረሱን የሚያውቀው በዚያ ነው።

የገጾቹ ሊንክ አልተበላሸም፤ የታተመ ገጽ ርዕሱ ቢቀየርም አድራሻው ባለበት ይቆያል። ቴሌግራም ግን የድሮውን «ቁጥር» ይዞት ቆየ። ሊንኩን ዌብፔጅቦት ለሚባለው የቴሌግራም ቦት መላክ አዲሱን ርዕስ እንዲያነብ ያደርገዋል።