የሪፖርት ሌሊት፦ ጋይዳንሱን ቀድሞ ማንበብ

ጅማ ሆናችሁ በዴሞ ሂሳብ የአሜሪካ ቴክ አክሲዮን ለምትለማመዱ ልጆች ነው ይህ። ጋይዳንስ የምንለው ኩባንያው ስለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ራሱ የሚሰጠውን ትንበያ ነው። ኩባንያዎች የሩብ ዓመት ውጤታቸውን በሚያወጡበት የሪፖርት ወቅት ያለን አያያዝ ባለፈው ሩብ ዓመት መልክ እየያዘ መጥቷል። ቻርት ማንበብንና የትእዛዝ ዓይነቶችን እዘለዋለሁ፤ የትም ይገኛል። ሰዓቱን ብቻ ያዙ፦ በአሜሪካ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር የኒውዮርክ ገበያ በእኛ 10:30 ከሰዓት ተከፍቶ ከምሽቱ 5:00 ይዘጋል፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ይገፋል። ትልልቆቹ ሪፖርት የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ስለሆነ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ ዋይፋይ ቢጠፋ የሞባይል ዳታ ይኑራችሁ።

ዜናው የሚጮኸው ስላለፈው ሩብ ዓመት ገቢ ነው። ዋጋውን በብዛት የሚያንቀሳቅሰው ግን አውትሉክ በሚለው ርዕስ ስር ያለችው አጭር አንቀጽ ናት። ሪፖርቱ ሳይወጣ ተንታኞች ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት የገመቱትን ገቢ ደብተር ላይ ጻፉ። ሲወጣ የኩባንያውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ትንበያ ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉና ልዩነቱን በመቶኛ አስሉ።

ሜታ በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ከ27 እስከ 29 ቢሊዮን ዶላር ተነበየ፤ አማካዩ 28 ነው፣ ተንታኞች 30 አካባቢ ይጠብቁ ነበር። 7 በመቶ ግድም ጎደለ፣ አክሲዮኑ በማግስቱ 26 በመቶ ወረደ። ኤንቪዲያ በግንቦት 2023 ከ7.2 ቢሊዮን ገደማ ግምት በላይ 11 ቢሊዮን ሲል 24 በመቶ ዘለለ። በነሐሴ 2024 ደግሞ 31.8 ገደማ ሲጠበቅ 32.5 አለ፣ በማግስቱ ግን ከ6 በመቶ በላይ ወረደ። 2 በመቶ ብልጫ ለዚያ አክሲዮን ዜና አልነበረም፤ በዚያው አንቀጽ ውስጥ 75.7 በመቶ የነበረው የጥቅል ትርፍ ህዳግ (ከሽያጩ የምርት ወጪው ተቀንሶ የሚቀረው ድርሻ) ወደ 75 በመቶ ዝቅ እንደሚል የሚያሳይ ትንበያም ነበር። ገቢውን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ይህችን መስመር ያልፋታል።

ስለዚህ ገበያው ምን ያህል እንቅስቃሴ እንደሚጠብቅ ቀድማችሁ እወቁ። የውል ዋጋቸው ለአክሲዮኑ የአሁን ዋጋ ቅርብ የሆኑትን የኮል (በውሉ ዋጋ የመግዛት መብት) እና የፑት (በውሉ ዋጋ የመሸጥ መብት) ኦፕሽን ዋጋ ደምሩ፤ ማብቂያቸው ከሪፖርቱ በኋላ ያለው የቅርብ ዓርብ ይሁን። አክሲዮኑ 100 ዶላር፣ ሁለቱ ኦፕሽኖች 4፣ 4 ዶላር ከሆኑ የሚጠበቀው እንቅስቃሴ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች 8 በመቶ ነው።

ስቶፕ ሎስ (ዋጋው ወደ ወሰናችሁት ሲወርድ የሚሸጥ ትእዛዝ) አለኝ ብሎ አክሲዮንን በሪፖርት ሌሊት ማሳደርን አጥብቄ እቃወማለሁ። በብዙ ብሮከሮች ስቶፕ የሚሠራው በመደበኛው ሰዓት ብቻ ነው፤ በ95 ያስቀመጣችሁት በማግስቱ ገበያው ሲከፈት በ84 ሊሸጥ ይችላል። ማሳደር ካለባችሁ መጠኑን ቀንሱ፦ ከ1,000 ዶላር ሂሳብ 20 ብቻ ለማጣት ከፈቀዳችሁና የሚጠበቀውን እጥፍ፣ 16 በመቶ፣ ካሰባችሁ ከ125 ዶላር በላይ አትግዙ።

እኔ የምመርጠው የኩባንያው ኃላፊዎች ከሪፖርቱ በኋላ ለተንታኞች የሚያብራሩበትን የስልክ ጉባኤ ጠብቆ መግባትን ነው። የአፕል የግላዊነት ለውጥ በዓመቱ 10 ቢሊዮን ዶላር ግድም እንደሚያሳጣው የሜታ የፋይናንስ ኃላፊ የተናገረው እዚያ ላይ ነበር። በሚቀጥለው ወቅት በየደብተራችን የምንሞላው ሦስት ዓምድ ነው፦ የጋይዳንስ ልዩነት፣ ኦፕሽኑ የጠበቀው፣ በማግስቱ የሆነው።